በፊኛው አልሳፈርም ያለው ሰው

ሰው አደገኛ ሥራ ለመሥራት በሕዝብ ፊት ቃል ከሰጠ በኋላ፥ ሥራው እንደማይሳካ በገዛ መለኪያው ቢያረጋግጥ ምን ያድርግ? ቃሉን ይጠብቅን ወይስ ይመለስ? መልሱ ለብዙዎቻችን ቀላል ይመስለናል፤ ዳሩ ግን ተመላሹን ሰው ባገኘነው ጊዜ ፈሪ ብለን የምንጠራው እኛው ነን።

ይህን ነገር ለመመርመር በፊኛ መብረርን የሚያህል ምሳሌ አይገኝም። ሞቃት አየር፥ ወይም እንደ ሃይድሮጂንና እንደ ሂሊየም ያለ ቀላል ጋዝ፥ በዙሪያው ካለው አየር ስለሚቀል ፊኛውን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ግን ነፋስ ነው። ተሳፋሪው ከፍና ዝቅ ማለት ይችላል፤ ወደ ተነሣበት ስፍራ መመለስ ግን በእጁ አይደለም። ስለዚህ መመለስ የሚሻ ሰው ገመዱ ሳይቈረጥ መመለስ ይገባዋል።

በስዊድን አገር በፈጠራ መብት መሥሪያ ቤት መሐንዲስ የነበረው ሰሎሞን አውጉስት አንድሬ በፊኛ ወደ ሰሜን ዋልታ እበራለሁ ብሎ ተነሣ። አልፍሬድ ኖቤልና ንጉሥ ኦስካር 2ኛ ገንዘብ ሰጡት፤ ፊኛውም በፓሪስ ከሐር ተሰፋ፥ በሃይድሮጂንም ተሞላ። በ1896 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በበጋ በስፒትስቤርገን አጠገብ ባለች በዴኖች ደሴት ላይ ሆነው የደቡብን ነፋስ ጠበቁ፤ ነፋሱ አልመጣም፥ እነርሱም ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከአንድሬ ጋር ከነበሩት ሁለት ባልንጀሮች አንዱ ኒልስ ኤክሆልም የሚባል የአየር ጠባይ ሊቅ ነበረ። እርሱ በደሴቲቱ ሳለ ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም፤ ከፊኛው በየቀኑ የሚወጣውን ጋዝ ይለካ ነበር። ሐሩ በተሰፋበት መስመር ሁሉ መርፌ የበሳቸው ስምንት ሚሊዮን ያህል ቀዳዳዎች ነበሩ፤ የተለጠፈባቸው ጨርቅና የተቀባባቸው ቅባት ፈጽሞ አልደፈናቸውም። አንድሬ ፊኛው 30 ቀን በአየር ላይ ይቈያል ብሎ ነበር፤ የኤክሆልም ስሌት ግን ቢበዛ ከ17 ቀን አላለፈም። ከዚህም የባሰ ነገር ነበረ፤ አንድሬ ኤክሆልም ሳያውቅ በፊኛው ላይ ሃይድሮጂን እንዲጨመር አዝዞ እንደ ነበር ኋላ ተሰማ። ኤክሆልም ፊኛው እንዲሻሻል ጠየቀ፤ ባልተቀበሉትም ጊዜ በፊኛው አልሳፈርም ብሎ ተወ። በእርሱ ስፍራ ወጣቱ መሐንዲስ ክኑት ፍሬንኬል ገባ።

አንድ ሰው፥ «ሁሉ እንደ ኤክሆልም ቢሆን ኖሮ ሰው ከምድር ባልተነሣም ነበር» ይል ይሆናል። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በ1783 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ሰው በሞቃት አየር ፊኛ ይነሣ በተባለ ጊዜ፥ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ሞት የተፈረደባቸው ወንጀለኞች ይሳፈሩ ብሎ አስቦ ነበር፤ ፒላትር ደ ሮዚዬ ግን ተቃወመ፥ ራሱም ከሌላ መኰንን ጋር ወጣ። በ1785 ዓ.ም. እሳትና ሃይድሮጂን ባንድነት በያዘ ፊኛ ሲበር ወድቆ ሞተ። አሳቡ ግን አልሞተም፤ በሃይድሮጂን ፋንታ የማይነደው ሂሊየም ሲገባ፥ በርትራን ፒካርና ብራያን ጆንስ በ1999 ዓ.ም. በእንዲህ ያለ ፊኛ ከስዊስ ተነሥተው አንድ ጊዜም ሳያርፉ ዓለምን ዞሩ። እንግዲህ ሮዚዬን አንነቅፈውም። እርሱ የገባው ማንም ገና ወዳልመረመረው አደጋ ነው፤ የአንድሬ አደጋ ግን ተመርምሮ፥ በቁጥር ተጽፎ በፊቱ ተቀምጦ ነበር። ያልታወቀውን መድፈር አንድ ነገር ነው፤ የታወቀውን መሸፈን ሌላ ነው።

በሐምሌ 11 ቀን 1897 ዓ.ም. ሦስቱ ሰዎች ተነሡ። ገና ከወደቡ ሳይርቁ ፊኛውን እንዲመሩበት የታሰቡት የሚጐተቱ ገመዶች ከፊላቸው ተፈትተው ወደቁ፤ እነርሱም አሸዋ ጥለው ነበርና ፊኛው ቀልሎ ከታሰበው በላይ ከፍ አለ፥ ጋዙም ይበልጥ ፈሰሰ። 30 ቀን የተባለው ጉዞ በ65 ሰዓት ያህል ውስጥ በበረዶ ላይ አለቀ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል በሚንሳፈፈው በረዶ ላይ ተጓዙ፤ በጥቅምት መጀመሪያ ነጭ ደሴት ወደምትባለው ደርሰው በዚያ ሞቱ።

አንድሬን አታላይ ብሎ መኰነን አይገባኝም፤ ሰው ሌላውን ለመሞት የሚያታልል ከሆነ አብሮት አይሳፈርም። እኔ የማየው በንጉሥና በሕዝብ ፊት የተናገረውን ለማጠፍ ኀፍረት የያዘውን ሰው ነው፤ ያጨበጨበለትም ሕዝብ ከበደሉ ድርሻ አለው። ሦስተኛው ተጓዥ ኒልስ ስትሪንድቤርግ በ1896 በደሴቲቱ አብሮ የነበረ ስለ ሆነ የጋዙን መፍሰስ ሳያውቅ ሄደ ሊባል አይችልም። ይሁን እንጂ ዕድሜው 24 ነበር፥ የታጨችለት ልጅም በአገር ቤት ትጠብቀው ነበር፤ የ42 ዓመት ሰው ዝም ሲል የ24 ዓመቱ ወጣት እንዴት አድርጎ ይናገራል? የራሱን ነፍስ ለአደጋ መስጠት የአንድሬ ፈንታ ይሁን እንበል፤ ታላቅ ሰው በዝምታው የታናናሾቹን ነፍስ ጨምሮ ሊሰጥ ግን መብት የለውም።

ኤክሆልም በ1923 ዓ.ም. አረፈ፤ ባልንጀሮቹ ምን እንደ ደረሰባቸው ሳያውቅ ማለት ነው። የእነርሱ አስከሬን በአንድ የኖርዌይ መርከብ ሰዎች የተገኘው በ1930 ዓ.ም. ነው፤ በስዊድንም በታላቅ ክብር ተቀበሉት። 33 ዓመት በበረዶ ውስጥ የቈየው የስትሪንድቤርግ ፊልም ሲታጠብ ብዙ ሥዕሎች ወጡ። ከእነርሱም በአንዱ ፊኛው በጐኑ ተጋድሞ፥ ሁለት ሰዎች ቆመው ሲመለከቱት ይታያል። አንዱ አንድሬ ነው፤ ሁለተኛው በኤክሆልም ስፍራ የገባው ፍሬንኬል ነው።