ልማድና ትውፊት በሕንድ ክርስቲያኖች ዘንድ

ከአባቶች የተቀበሉትን አደራ መጠበቅ መልካም ነው፤ አባቶቹን የረሳ ሕዝብ ሥሩ እንደ ተነቀለ ዛፍ ይደርቃልና። ነገር ግን ከአባቶች የመጣ ሁሉ ቅዱስ ነውን? ወይስ ከስንዴው ጋራ እንክርዳዱም ይወረሳል? ይህን ጥያቄ በሕንድ አገር ምሳሌነት እንመረምረው ዘንድ ወደድን። በኬራላ የምትገኘው የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በሃይማኖት እኅታችን ናት፤ ካቶሊኮሷ ባስልዮስ አውጌን ቀዳማዊም በ1965 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የአብያተ ክርስቲያናት አባቶች ጉባኤ ላይ ተገኝተው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እነዚህ ክርስቲያኖች በትውፊታቸው እንደሚናገሩት ሐዋርያው ቶማስ በ52 ዓ.ም. ወደ ማላባር ጠረፍ መጥቶ አስተማራቸው። ክርስትናን ሲቀበሉም ሕንዳዊነታቸውን አልጣሉም። በጋብቻ ጊዜ ሙሽራው በሙሽራዪቱ አንገት ላይ በቅጠል አምሳል የተሠራች ትንሽ የወርቅ ጌጥ ያሥርላታል፤ ስሟም ሚኑ ይባላል። ሂንዱዎች ጎረቤቶቻቸውም ይህን የመሰለ ጌጥ ያሥራሉ፤ የክርስቲያኖቹ ግን መስቀል አለባት። ማሠሪያውም ሙሽራው ለሙሽራዪቱ ከሚያለብሳት የሠርግ ልብስ በተመዘዘ ክር ይገመዳል። ይህን ማን ይነቅፋል? የአገር ልማድ ተጠመቀ እንጂ አልጠፋም።

ከዚሁ አገር ግን ሌላም ልማድ ወረሱ። በሕንድ ሰው የሚከበረውም የሚናቀውም በተወለደበት ወገን ነበር። በኬራላ ዝቅ ያለ የተባለ ሰው ከከፍተኛው በእርምጃ የተለካ ርቀት ጠብቆ እንዲቆም ይገደድ ነበር። የቶማስ ክርስቲያኖች ከተከበሩት ወገኖች ጋራ ስለ ተቈጠሩ፥ ያን ክብር ላለማጣት ከተናቁት ይርቁ ነበር። ከዝቅተኞቹ ተጠምቀው የመጡትንም ብዙዎቹ እንደ ወንድም አልተቀበሉአቸውም። እንግዲህ በጋብቻው ጌጥ ላይ የታተመው መስቀል በዚህኛው ልማድ ላይ ሳይታተም ቀረ ማለት ነው።

የተናቁት ግን ዝም አላሉም። በ1924 ዓ.ም. በኬራላ በቫይኮም ከተማ፥ በሂንዱዎች ቤተ አምልኮ ዙሪያ ባሉት መንገዶች ሰው ሁሉ ይለፍ የሚል ብርቱ ትግል ተጀመረ። በዚያው ዓመት በማላንካራ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለተናቁት ወንጌልን የሚያደርስ የመስቀሉ አገልጋዮች ማኅበር ተመሠረተ። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ በልጅነቱ በትምህርት ቤት የውሃውን ዕቃ እንዳይነካ ይከለከል የነበረው ዶክተር አምቤድካር፥ ብዙ ሕዝብ አስከትሎ በማሃድ ከተማ ከሕዝብ ኩሬ ውሃ ጠጣ። ይህ ሰው ኋላ የሕንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀው ጉባኤ ሊቀ መንበር ሆነ፤ በ1950 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በ17ኛው አንቀጽ ሰውን እንደ ርኩስ ቈጥሮ አለመንካትን ሻረ።

ሆኖም ሕግ መንገድን ይከፍታል፤ ቤትን ግን የሚከፍት ፍቅር ብቻ ነው። ዛሬ በሕንድ ከተሞች የተከበረውና የተናቀው በአንድ ባቡር ይሳፈራሉ፥ በአንድ መሥሪያ ቤት ይሠራሉ። ልጅ ለመዳር ሲታሰብ ግን በጋዜጣና በኢንተርኔት በሚወጣው የጋብቻ ማስታወቂያ ላይ እስከ ዛሬ ወገን ይጠቀሳል።

አንዳንዶች፥ ይህ ሥርዓት ከፈረሰ ማንነታችን ይጠፋል ይላሉ። እኛ ግን እንጠይቃለን፤ የርቀቱ እርምጃ በቀረ ጊዜ ከሕንድ ምን ጎደለ? ቋንቋውም፥ ልብሱም፥ የጋብቻው ጌጥም አለ። የጎደለው የወንድም እንባ ነው። ስለዚህ ልማድን የምንመዝንበት ሚዛን ይህ ነው፤ ሰውን በፈጣሪው ፊት የሚያከብረው ይጠበቅ፥ ሰውን የሚያርቀው ይጣል። ጌታችን በያዕቆብ ጕድጓድ አጠገብ አይሁድ ከማይተባበሩአት ሳምራዊት ሴት ውሃ ለምኗል። ጴጥሮስም በራእይ ተምሮ ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት የገባው ማንንም ሰው ርኩስ እንዳይል ነው።

ይህን የምንጽፈው በሕንድ ለመፍረድ አይደለም። በእኛስ አገር ማረሻውን የሚሠራውን ቀጥቃጭ፥ እንስራውን የምትሠራውን ሸክላ ሠሪ ቡዳ ብሎ የሚሸሽ የለምን? ማረሻው ይፈለጋል፥ ሠሪው ይናቃል። ከአንድ ጽዋ የጌታን ደም የተቀበሉ ሰዎች ልጆቻቸው ሊጋቡ ሲሉ አጥንት ይቈጥራሉ። እንግዲህ የንስሐ አባት የሆንን ካህናት፥ ስለ ጋብቻ ምክር ስንጠየቅ የሥጋን ዝምድና እንደ ቀኖናው እንመርምር፤ የሙያን ነውር ግን አንቍጠር። ምእመናንም ቀጥቃጩን በማዕዳቸው ያስቀምጡት። ጌታችን የጠራቢ ልጅ ተብሎ መናቁን እናስብ።

ትውፊትን ከእንክርዳዱ ለይተን ለልጆቻችን እናወርስ ዘንድ የአባቶቻችን አምላክ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።