የውሰት መድኃኒት

ልጄ፣ «ጋሼ፣ ለፊቴ ዶክሲ ልጀምር ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ከመዋጥሽ በፊት መጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፤ እኩዮችሽ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ከዋጡ በኋላ ነው።

በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲቀርብለት «መልክ ታጥቦ አይጠጣም» ብሎ ማለፍ ይቀናዋል። እኔ ይህን ተረት በብጉር ላይ አልተርተውም። ዕድሜዬን ከፋርማሲ ባንኮኒ ኋላ ቆሜ ስኖር፣ ፊቷን በነጠላ ጋርዳ፣ ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቃ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የምትጠይቅ ስንት ልጅ አይቻለሁ። ፎቶ መነሣት የተወ፣ ከሰው ፊት መቆም የጠላ ወንድ ልጅም እንዲሁ። ብጉር አይገድልም፤ ጠባሳው ግን ዕድሜ ልክ ሊኖር ይችላል፣ ልብም ይሰብራል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ነውና፣ ማፈሩን ትተሽ በግልጽ እንነጋገር።

መልሴ አጭር ነው፦ ክኒኑ ጥሩ ነው፤ ግን የውሰት ነው። የተዋሱትን ነገር ለሚገባው ሥራ ያውሉታል፣ በጥንቃቄ ይይዙታል፣ በቀኑም ይመልሱታል። የቀረው ምክሬ ሁሉ ይህንኑ ማብራራት ነው።

ከሥራው ልጀምር። ብጉር አራት ነገሮች ተባብረው የሚያመጡት ነው። በጉርምስና ሆርሞን የተነሣ የቆዳ ወዝ ይበዛል፤ የሞተ ቆዳ ከወዙ ጋር ተጣብቆ የፀጉሩን ቀዳዳ ይደፍናል፤ በተደፈነው ቀዳዳ ውስጥ ድሮም ቆዳችን ላይ የሚኖር ባክቴሪያ ይራባል፤ ሰውነት ሲቆጣ ደግሞ ቦታው ያብጣል፣ መግል ይይዛል። ዶክሲ ያልሽው አንቲባዮቲክ፣ ዶክሲሳይክሊን፣ ከአራቱ ሁለቱን ነው የሚይዘው፦ ባክቴሪያውን ያዳክማል፣ ቁጣውንም ያበርዳል። ወዙንና ድፍኑን አይነካም። ስለዚህ ፊትሽ ላይ ያለው ጥቁርና ነጭ ነጥብ ብቻ ከሆነ ክኒኑ አይፈይድልሽም። ጥቂት ብጉር ከሆነም የሚቀባ መድኃኒት ይበቃሻል። ክኒኑ የሚታሰበው ብጉሩ ሲበዛ፣ ሲያብጥና ሲያምም፣ ወደ ደረትና ወደ ጀርባ ሲወርድ፣ ጠባሳ መተው ሲጀምር ነው።

እዚያ ከደረሰ ግን አትዘግዪ፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። እንደኛ ጠየም ባለ ቆዳ ላይ ያበጠ ብጉር ሲድን ጥቁር ምልክት ትቶ ይሄዳል፤ ምልክቱም ከብጉሩ ይልቅ ለወራት ይቆያል። ጎድጉዶ የቀረ ጠባሳ ደግሞ በክኒን አይመለስም። የክኒኑ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፦ ቁጣውን በጊዜ አብርዶ ጠባሳው ሳይመጣ መቅደም።

«ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ» እንዲሉ፣ ከመጀመርሽ በፊት የወጣብሽ ነገር ብጉር መሆኑ ይጣራ። ግንባር ላይ አንድ ዓይነት መጠን ይዞ የሚያሳክክ ሽፍታ የፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ አንቲባዮቲክ ያንን ጭራሽ ያባብሰዋል። የወር አበባ የሚዛባባት፣ አገጯ ላይ ፀጉር የሚበዛባት ልጅ መነሻው የሆርሞን ችግር ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለባት። ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ ግንባሯ ላይ የሚወርድባት ደግሞ መጀመሪያ ቅቤውን ከግንባሯ ታርቀው። ከሁሉ የማዝነው «ፊት ያጠራል» ተብሎ ቤታሜታሶን ወይም ክሎቤታሶል ለሚቀቡት ነው። እነዚህ የስቴሮይድ ቅባቶች ለጥቂት ቀን ፊትን አሳምረው፣ ቆይተው ራሳቸው ብጉር ያወጣሉ፤ ቆዳውንም ያሳሳሉ። እሱን እየተቀቡ በላዩ ክኒን መዋጥ ገንዘብ ማባከን ነው። ለረጅም ጊዜ የተቀባሽ ከሆነ ግን እንዴት እንደምታቋርጪው ሐኪም ይንገርሽ፤ በድንገት ሲተዉት ፊት ይቆጣል።

ሐኪሙ «አዎ፣ ብጉር ነው፤ ክኒንም ይገባዋል» ካለ በኋላ ምን ትጠብቂያለሽ? ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው በቀን 100 ሚሊግራም ዶክሲሳይክሊን ነው። በሳምንት ውስጥ ፊትሽ እንዲጠራ አትጠብቂ፤ ለውጡ በደንብ የሚታየው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲሞላው ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»። በሁለት ሳምንት ተስፋ ቆርጣ ትታ፣ በወሩ ሌላ ዓይነት የምትገዛ ልጅ ከሁለቱም ሳትጠቀም ትቀራለች።

ደግሞም ብቻውን አትዋጪው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ዶክሲሳይክሊንን ለብጉር አጥብቆ ይመክራል፤ በዚያው አፉ ከሚቀባው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር እንዲሆንና ጊዜው እንዲያጥር ያሳስባል። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ባክቴሪያውን በሌላ መንገድ ስለሚገድለው፣ ከክኒኑ ያመለጠው ተላምዶ እንዳይቀር ያደርጋል። እንደ አዳፓሊን ያለው የማታ ቅባት ደግሞ ክኒኑ የማይነካውን ድፍን ይከፍታል። አዳፓሊን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ልብስ እንደሚያነጣ አስታውሺ፤ የነጠላሽን ጥለትና ባለ ቀለም ትራስሽን ጠብቂ።

አሁን ወደ አያያዙ እንምጣ። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል»። ዶክሲ ጉሮሮ ላይ ከቀረ የምግብ ቧንቧን ያቆስላል። ማታ አልጋ ላይ ሆነው በአንድ ጉንጭ ውሃ ውጠው የሚተኙ ልጆች በማግስቱ ምራቅ ሲውጡ ደረታቸውን የሚወጋቸው ለዚህ ነው። ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ጠጪበት፤ ከዚያም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ ወይም ተራመጂ። ባዶ ሆድ ላይ ካቅለሸለሸሽ ከምግብ ጋር ውሰጂው። ጾም ላይ ከሆንሽ ሰዓቱን ጠብቀሽ ከገደፍሽ በኋላ፣ ረመዳን የምትጾም ጓደኛሽም ካፈጠረች በኋላ ትዋጠው፤ በቀን አንዴ የሚወሰድ መሆኑ ለዚህ ይመቻል። የብረት ክኒን፣ ካልሲየምና የጨጓራ ማስታገሻ ግን መድኃኒቱን አንጀት ውስጥ ይዘው ስለሚያስቀሩት በሁለት በሦስት ሰዓት አራርቂያቸው። የታዘዘልሽ የድሮው ቴትራሳይክሊን ከሆነ ወተትም ያው ነው።

ሌላው ፀሐይ ነው። ዶክሲ የሚወስድ ሰው ቆዳው በቀላሉ ይቃጠላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር የሚያቃጥለው ጨረር ይጨምራል። ብርዱ እንዳያታልልሽ። ጃንጥላ፣ ባርኔጣ፣ ከተገኘም የፀሐይ መከላከያ ክሬም ያዢ። ፀሐዩ የብጉሩን ጥቁር ምልክትም ስለሚያጎላው ጥቅሙ እጥፍ ነው።

ጉዳቱንም ሳልደብቅ ልንገርሽ። ማቅለሽለሽና የሆድ መረበሽ የተለመደ ነው። ሴቶች ላይ የብልት ፈንገስ ሊያስነሣ ይችላል፤ ሲያሳክክሽ አትፈሪ፣ ሕክምናው ቀላል ነው፣ ብቻ ተናገሪ። የማያቋርጥ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣብሽ ግን ክኒኑን አቁመሽ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂጂ፤ በራስ ቅል ውስጥ የግፊት መጨመር ሊሆን ይችላል፣ ዓይንንም ይጎዳል። የበረታ ወይም ደም ያለበት ተቅማጥ፣ ሰውነት ላይ የሚወጣ ሽፍታ፣ የፊት ማበጥም እንዲሁ ነው። ከዚሁ ቤተሰብ የሆነው ሚኖሳይክሊን ቆዳንና ድድን ሊያጠቁር፣ አልፎ አልፎም ጉበትን ሊያስቆጣ ይችላል፤ ለዚህ ነው ዶክሲ የሚመረጠው።

ፈጽሞ የማይገባቸው ሰዎች አሉ። ነፍሰ ጡር ሴት ለብጉር አትውሰደው፤ የጽንሱን ጥርስና አጥንት ይነካል። የምታጠባም ሐኪሟን ሳትጠይቅ አትጀምር። ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጥርሱ እስከ ወዲያኛው ሊበልዝ ስለሚችል ክኒንሽን ታናናሾችሽ በማይደርሱበት ቦታ አስቀምጪ። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም»፤ ለከባድ ብጉር የሚሰጠውን አይሶትሬቲኖይን ከዶክሲ ጋር አንድ ላይ መውሰድ የተከለከለ ነው፤ ያ የራስ ቅል ግፊት በሁለቱ ይብሳል። ከጓደኛ የተረፈውን አትቀበይ፣ የተረፈሽንም አትስጪ። ጊዜው ያለፈበት ቴትራሳይክሊን የሰው ኩላሊት እንደጎዳ በሕክምና ታሪክ ተመዝግቧል።

ልጄ፣ የውሰት ነው ስልሽ ባለቤቱ ማን እንደሆነ አልጠየቅሽኝም። ዶክሲሳይክሊን አንቺ ዘንድ የብጉር መድኃኒት ነው፤ ሌላው ሰው ዘንድ የነፍስ ነው። በቅማል የሚተላለፈውን ግርሻ የሚያድነው፣ ለተስቦ የሚሰጠው እሱ ነው። ኮሌራ ሲገባ ለአዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ 300 ሚሊግራም ተደርጎ የሚታዘዘውም እሱ ነው። ለብጉር የሚዋጥ ክኒን ፊት ላይ ብቻ አይቆምም፤ በደም ሄዶ በአንጀትሽ፣ በጉሮሮሽ ያሉትን ባክቴሪያዎች ሁሉ ያገኛቸዋል። ብዙ ወር ሲቆይባቸው ደካሞቹ ይሞታሉ፣ የተላመዱት ይተርፋሉ፤ የተላመዱት ደግሞ በመጨባበጥም፣ በመሳሳምም፣ በአንድ ቤት በመኖርም ወደ ሰው ይሻገራሉ። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ ሰው መድኃኒቱን አሳንሶ እየወሰደ ጀርሙን እንዳያላምደው አስጠንቅቆ ነበር። ማስጠንቀቂያው ሰሚ አጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በዓለም ላይ ወደ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ተገምቷል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

በዚህ ላይ አንድ ልማድ አለብን፦ ዶክሲ ሲጠፋ «እንግዲያው አዚትሮ ስጠኝ» ማለት። ለዶክሲ የማይሆኑ ሰዎች ስላሉ ሐኪም አንዳንዴ ያዝዘው ይሆናል፤ በገዛ ፈቃድ ግን አይነካም። የዓለም ጤና ድርጅት አዚትሮማይሲንን በቁጥጥር ሊያዙ ከሚገባቸው አንቲባዮቲኮች መድቦታል። በአገራችን ደግሞ ዓይን የሚያሳውረውን ትራኮማ ለመከላከል በየገጠሩ የሚታደለው እሱ ነው። «ባለ አንድ ዓይን በአፈር አይጫወትም»።

እንግዲህ መመለሻው ቀን። ክኒኑን ስትጀምሪ የምታቆሚበትን ቀን ሐኪሙ ይጻፍልሽ። የሚሠራበት ልክ ከሦስት እስከ አራት ወር ነው። በእንግሊዝ የጤና መመሪያ በ12ኛው ሳምንት ሐኪሙ በሽተኛውን አይቶ እንዲወስን፣ ከስድስት ወር በላይ መቀጠልም የተለየ ምክንያት ካልኖረ እንዳይሆን ተደንግጓል። በሦስት ወር ፊትሽ ከጠራ ክኒኑ ይቁም፣ የሚቀባው ይቀጥል፤ ቅባቱን አብረሽ ከተውሽው ብጉሩ ይመለሳልና። በሦስት ወር ለውጥ ከሌለ ደግሞ መፍትሔው ሌላ ሦስት ወር አይደለም። በየዓመቱ አንድ ዙር፣ ሲያገረሽ ሌላ ዙር እያሉ ማስኬድ «የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ» ነው። ያኔ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂጂ፤ አዲስ አበባ ከሆንሽ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል፣ ወሎ ከሆንሽ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቁ ናቸው። አይሶትሬቲኖይን ወይም የሆርሞን ሕክምና የሚያስፈልግሽ መሆኑን የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

ስለዚህ ነገ ሐኪሙ ፊት ስትቀመጪ አራት ነገር ጠይቂ፦ ይህ በእርግጥ ብጉር ነው ወይ? ከክኒኑ ጋር የምቀባው ምንድን ነው? ከምወስደው ሌላ መድኃኒት ጋር ይስማማል ወይ? የማቆመው መቼ ነው? የአራቱን መልስ ካገኘሽ ያለ ስጋት ዋጪው። የአራተኛውን መልስ ካላገኘሽ ግን ማዘዣውን ይዘሽ ከመውጣትሽ በፊት ደግመሽ ጠይቂ።

ፈጣሪ ፊትሽን ያጥራልሽ፣ ከጠባሳ ይጠብቅሽ። የተዋስሽውንም በቀኑ መላሽ ያድርግሽ፤ ነገ ተስቦ ለያዘው ሰው ያስፈልጋልና።