አያ ጅቦና እውነተኛው ጅብ

ዘጠነኛ ክፍል እያለን፣ 2004 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ዩኒት ሊደራችን ማይኩን ለእንግዳ ሰጡት። እንግዳው ፖሊስ ነበር። “ሲጋራ፣ ጫት፣ ሺሻ፣ ሀሺሽ ሁሉም አንድ ናቸው” አለን። “አንዴ የቀመሰ አይመለስም። መጨረሻው ወይ ጎዳና፣ ወይ እብደት፣ ወይ ሞት ነው።” አጨበጨብንና ወደ ክፍል ገባን።

እኔ የሚኒ ሚዲያ አባል ነበርኩ። በእረፍት ሰዓት ያንኑ ንግግር አሳጥሬ፣ ከሥሩ አሳዛኝ ክላሲካል ከፍቼ፣ በድምፅ ማጉያ አነበብኩት። ስመለስ አጠገቤ የሚቀመጠው ጓደኛዬ እንዲህ አለኝ፦ “አባዬ እኮ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ይቅማል። ቅዳሜ ከሰዓት ይቅማል፣ ሰኞ ጠዋት ሥራ ይገባል። እና አንዴ የቀመሰ አይመለስም ያልከው እውነት ነው?”

“በሳይንስ የተረጋገጠ ነው” አልኩት። ስለ ሳይንሱ ምንም አላውቅም ነበር። ያነበብኩትን ወረቀት ነው የደገምኩለት።

አሥረኛ ክፍል ላይ፣ ለማትሪክ እናጥና ብለው ከትልልቅ ልጆች ጋር ቃመ። በማግስቱ መጥቶ “ይኸው፣ አልሞትኩም” አለኝ። እየቀለደ ነበር፣ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። ከነገርነው ነገር አንዱን ፈትኖ ውሸት ሆኖ አገኘው። ከዚያ በኋላ የቀረውን ለምን ያምነናል? ከበርጫው ጨብሲ መጣ፣ ከጨብሲው ሺሻ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ሌሊት እንቅልፍ አጣ፣ ሲተኛ ዱካክ አላስተኛው አለ፣ ቀን ቀን ሰው የሚከታተለው ይመስለው ጀመር። ለማንም አልተናገረም። ግቢው ውስጥ የተለጠፈው ማስታወቂያ ‘ሱሰኛ ጓደኛህን አጋልጥ’ ይላል፣ የተያዘ ደግሞ ይባረራል። ፈተናው ሳይደርስ ትምህርቱን ተወ። ዛሬ ታክሞ ደህና ነው፣ ይሠራል። ስንገናኝ ግን አንድ ጊዜ የነገረኝ አይረሳኝም፦ “ሲብስብኝ ማንን ልጠይቅ? እናንተ የምታውቁት ሞትን ብቻ ነው።”

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ልጅን ለማዳን ተብሎ ማጋነን ይፈቀዳል?

ይፈቀዳል የሚሉትን አልንቅም። ክርክራቸው ግልጽ ነው፦ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ዝርዝር አይገባውም፣ ፍርሃት ግን ይገባዋል፤ ከመቶ አሥሩን ካስቀረ ውሸቱ ዋጋውን ከፍሏል። እኔ ራሴ ከቀሩት አንዱ ነኝ ማለት እችላለሁ፣ ሃይስኩል እያለሁ አልሞከርኩም። ግን ያስቀረኝ የፖሊሱ ንግግር ነው ወይስ ምሳ ሰዓት ላይ ካልደረስኩ በር ላይ የምትቆመው እናቴ? ሐቁን ለመናገር እናቴ ናት።

በሌላው ዓለም የታየውም ከዚህ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዴር የሚባል ፕሮግራም ተጀመረ፤ ፖሊሶች ክፍል ድረስ እየገቡ ልጆችን ስለ ዕፅ ያስተምሩ ነበር። በመላው አሜሪካ ተስፋፋ፣ ወላጆችም ወደዱት። ጥናቶች ደጋግመው ሲፈትሹት ግን፣ የተማሩትና ያልተማሩት ልጆች ዕፅ በመጠቀም ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበራቸውም። አይስላንድ ሌላ መንገድ ሄደች፦ ለወጣቶች ስፖርትና ሙዚቃ በገንዘብ ደገፈች፣ ወላጆችን አደራጀች፣ ልጆች ማታ ውጪ የሚቆዩበትን ሰዓት ገደበች። እ.ኤ.አ. በ1998 ከ15 እስከ 16 ዓመት ካሉት ልጆች 42 በመቶው ባለፈው ወር ሰክረናል ብለው ነበር፣ በ2016 ወደ 5 በመቶ ወረደ። ማስፈራሪያ ሳይሆን፣ እንደ እናቴ በር ላይ የሚቆም ሰው አበዙ ማለት ነው።

ግን ጥያቄውን በቁጥር ብቻ ዘግቼ ማለፍ አልፈልግም። ውሸቱ ቢሠራስ ኖሮ?

ልጅ እያለን ስናስቸግር “አያ ጅቦ መጣልህ!” ይሉን ነበር። ዝም እንል ነበር፣ ይሠራል ማለት ነው። ስናድግ አያ ጅቦ እንደሌለ አወቅን። ችግሩ ጅብ መኖሩ ነው። አያ ጅቦን ያስተማረን ሰው ስለ እውነተኛው ጅብ ሲነግረን በየትኛው ጆሯችን እንስማው? የማጋነን ዕዳ የሚከፈለው በኋላ ነው፣ የሚከፍለውም ያጋነነው ሰው ሳይሆን ልጁ ነው። ስህተቱ ያለው እዚህ ጋ ይመስለኛል፦ በሌላ ሰው ሕይወት ላይ ሳናስፈቅደው መበደራችን።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። አንድ ጊዜ የምንጠብቀው ሲስተም ለትንሹም ለትልቁም ቀይ ማስጠንቀቂያ ይልክ ነበር። በቀን ሁለት መቶ ሲመጣ ሁላችንም ስልካችን ላይ ድምፁን አጠፋነው። አንድ ሌሊት እውነተኛው መጣ፣ ሰርቨሩ ሞልቶ ቆመ፣ እስኪነጋ ያየው የለም። ድምፁን ያጠፋነው እኛ ነን፣ እውነት ነው። ሁሉንም ቀይ ያደረገውስ? ‘ጫትም ሀሺሽም ሁሉም አንድ ናቸው’ ያለን ሰው ያደረገው ይህንኑ ነው።

እውነቱን መናገር ግን ለአዋቂው ይከብዳል። ጫት በሕግ ያልተከለከለ፣ ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ የሚያስገኝ ምርት መሆኑን ማመን አለበት። እኛ ሰልፍ ላይ ስለ ሱስ ስንሰማ፣ ማታ ቤታችን ቴሌቪዥኑ ቢራ ያስተዋውቅ እንደነበር ማመን አለበት፤ ያ በአዋጅ የተከለከለው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከሁሉም በላይ ‘እኔም እቅማለሁ’ ማለት አለበት። ማስፈራራት የሚቀለው ስለ ራሳችን ምንም ስለማያስጠይቀን ነው።

ባለፈው ወር አሥረኛ ክፍል የሆነው ታናሽ ወንድሜ “አንተ ቅመህ ታውቃለህ?” ብሎ ጠየቀኝ። ቶሎ “በጭራሽ” ልለው ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር።

“አዎ” አልኩት። ካምፓስ እያለሁ፣ ፈተና ሲደርስ፣ ሦስት ሴሚስተር። ምርቃናው ደስ እንደሚል አልደበቅኩትም፤ እንደዛ ባይሆን ማን ይቅም ነበር? ከዚያ ሌላውን ነገርኩት፦ እንቅልፍ ማጣቱን፣ ምግብ አለመብላቱን፣ በማግስቱ የሚመጣውን ድብርት። በመጀመሪያው ሴሚስተር እንደ ቀልድ እንዳቆምኩ፣ በሦስተኛው ግን ከሰዓት ሲሆን ሀራራው እያዛጋኝ ሰዓት እቆጥር እንደነበር። አንዳንዱ ሰው እንደ አባቶቻችን ዕድሜ ልኩን ቅሞ ሥራውን እንደሚሠራ፣ አንዳንዱ ደግሞ በአንድ ዓመት እንደሚወድቅ፣ የትኛው እንደሚሆን ግን ቀድሞ የሚያውቅ እንደሌለ። ስለ ጓደኛዬም ነገርኩት።

እያወራሁ ፈራሁ። ‘አዎ’ ማለቴን እንደ ፈቃድ ቢወስደውስ? አሁንም ይህን ፍርሃት አልጣልኩትም። እውነት መናገር ልጁን ለመጠበቁ ዋስትና አይሆንም። እኔን መልሶ እንዲጠይቀኝ ግን በሩን ክፍት ይተዋል።

ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና “አንድ ልጅ ግን ማቆም ቢያቅተው ለማን ነው የሚናገረው?” አለኝ።

“ለእኔ” አልኩት። ልጁ ማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።