የተበደለ ሰው ያሸነፈ ዕለት



የዛሬው የጁሙዓ ማስተንተኛችን ብዙዎቻችሁ ከምታውቁት ልብ ወለድ የሚነሳ ነው። «ዘ ሀንገር ጌምስ» ይባላል፤ የረሃብ ጨዋታዎች እንደማለት ነው። አሜሪካዊቷ ደራሲ ሱዛን ኮሊንስ ሦስቱን መጻሕፍት በ2008፣ በ2009 እና በ2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሳተመቻቸው፤ ፊልምም ሆነዋል። ስለዚህ ታሪክ ሲወራ አብዛኛው ሰው የሚከራከረው ካትኒስ የተባለችው ልጅ ከሁለቱ ወጣቶች የትኛውን መምረጥ እንደነበረባት ነው። እኛ ግን አንድ ሌላ ጥያቄ እናንሳ፦ የተበደለ ሰው ኃይል በእጁ የገባ ዕለት ምን የማድረግ መብት አለው?

መጀመሪያ በደሉን እንየው። ፓኔም በምትባል ሀገር ካፒቶል የምትባል ባለጸጋ ከተማ አለች። በሥሯ ያሉት 12 ወረዳዎች ከሰል ይቆፍራሉ፣ እህል ያመርታሉ፣ ጨርቅ ይሠራሉ፤ እሷ ትበላለች። ግብዣዋ ላይ የጠገበ ሰው የበላውን አስመልሶ እንደገና እንዲበላ የሚጠጣው መጠጥ ሳይቀር ይቀርባል። ወረዳዎቹ የበይ ተመልካች ናቸው። ከብዙ ዓመታት በፊት አምጸው ተሸንፈዋልና ለቅጣት እያንዳንዱ ወረዳ በየዓመቱ ከ12 እስከ 18 ዓመት የሆናቸውን አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ በዕጣ ይገብራል። 24ቱ ልጆች አንድ እስኪቀር ድረስ ይገዳደላሉ፤ ሀገሩ በሙሉ በቴሌቪዥን ያያል።

«ዕጣ አያዳላም» ትሉ ይሆናል። ይሄኛው ያዳላል። የራበው ልጅ ስሙን አንድ ጊዜ ጨምሮ ካስገባ ለአንድ ሰው የሚሆን ጥቂት የዓመት እህልና ዘይት ይሰጠዋል። የገባው ስም ደግሞ በየዓመቱ ይደመራል እንጂ አይወጣም። ስለዚህ የ16 ዓመቷ ካትኒስ ስም 20 ጊዜ፣ ታናናሾቹን የሚያስተዳድረው የ18 ዓመቱ ጓደኛዋ ጌል ስም 42 ጊዜ ዕጣው ውስጥ ገብቷል። የጠገበ ቤት ልጅ ግን በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚጨመረው። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው፤ የሚሞተው ግን በብዛት ድሃው ነው። ከዚህም የከፋ ነገር አለ፤ ጌል ራሱ ልብ ብሎታል። የራበው ልጅ እራቱን የማያጣውን የሰፈሩን ልጅ ይጠላል፤ ሁለቱም የሚፈሩት ጌታ ግን አንድ ነው። እርስ በርሳቸው እስከተጠላሉ ድረስ ካፒቶል ሰላም ያድራል።

ፍቅሩም ከዚህ በደል ውስጥ ነው የሚበቅለው። አባቷ በከሰል ጉድጓድ ፍንዳታ ከሞተ በኋላ ካትኒስ በረሃብ ልትወድቅ በተቃረበችበት ዝናባማ ቀን የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ፒታ ሆን ብሎ ሁለት ዳቦ አሳረረ፤ እናቱ መታችው፤ ዳቦውን ግን ወረወረላት። ከዓመታት በኋላ ሁለቱ ለጨዋታው አብረው ሲላኩ ግን ፍቅራቸው ለተመልካች የሚሸጥ ትዕይንት ሆነ። ካትኒስ ለታመመው ፒታ ፍቅር ስታሳይ ከሰማይ በፓራሹት ሾርባ ይወርድላታል። ልቧ የሚሰማትንና ለካሜራው የምታደርገውን መለየት እስኪያቅታት ደረሰች። በደል እንዲህ ነው፤ እህልን ብቻ ቀምቶ አይበቃውም፣ የሰውን ውስጥም ይቀማል።

እስከዚህ ድረስ ማን በዳይ፣ ማን ተበዳይ እንደሆነ ግልጽ ነው። አመጹ ሲነሳ ሁላችንም ከዓመጸኞቹ ጋር ነን። ጥያቄው የሚከብደው ከዚህ በኋላ ነው።

አመጹን የሚመራው ጠፍቷል የተባለው 13ኛው ወረዳ ነው፤ መሪዋም ፕሬዝዳንት ኮይን የምትባል ሴት ናት። ወረዳው በቦምብ ሲነድ ያየው ጌል የጦር መሣሪያ ከሚሠሩት ጋር ተቀላቀለ። ካቀዷቸው ወጥመዶች አንዱ ሁለት ጊዜ የሚፈነዳ ቦምብ ነው፤ በመጀመሪያው የቆሰሉትን ለመርዳት ሰው ሲሮጥ ሁለተኛው ይፈነዳል። ካትኒስ ስትቃወመው የጌል መልስ በአጭሩ እነሱም በኛ ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነው የሚል ነበር።

በመጨረሻው ቀን በካፒቶል በተሰበሰቡ ሕፃናት ላይ ትንንሽ ፓራሹቶች ወረዱ። ሕፃናቱ ስጦታ መስሏቸው እጃቸውን ዘረጉ፤ ፈነዳ። የዓመጸኞቹ ሐኪሞች ሊረዱ ሮጡ፤ ሁለተኛው ፈነዳ። ከሐኪሞቹ መካከል የካትኒስ እህት ፕሪም ነበረች። ካትኒስ መጀመሪያውኑ ወደ ጨዋታው የገባችው ለዚህች እህቷ ስትል፣ በእሷ ፈንታ ነው። ቦምቡ የሱ መሆን አለመሆኑን ጌል ራሱ አያውቅም። ኮይንም ድሉን በእጇ ስታስገባ ከጨዋታው ለተረፉት 7 አሸናፊዎች አንድ ሐሳብ አቀረበች፦ አንድ የመጨረሻ ጨዋታ ይደረግ፣ አሁን ደግሞ በካፒቶል ልጆች። 3ቱ እምቢ አሉ፤ ፒታ ከእነሱ አንዱ ነው። ሐሳቡ ግን በ4 ድምፅ አለፈ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ያ ሁሉ ደም የፈሰሰው ልጆች ለዕጣ እንዳይቀርቡ አልነበረም? ታዲያ ምን ተለወጠ? ዕጣው ያው ነው፤ የተቀየሩት በውስጡ ያሉት ስሞች ናቸው። ካትኒስ በአደባባይ የቀድሞውን ገዢ ስኖውን እንድትገድል ቀስት ሲሰጣት ወደ ኮይን ያዞረችው ይህ ስለገባት ነው። ድርጊቷን አርአያ አድርጉት ማለታችን አይደለም፤ ያየችውን ግን እንይ።

አንድ ተገቢ ተቃውሞ አለ። «ለተበዳይ ስለ ርኅራኄ መስበክ በዳይን መጥቀም ነው፤ ያልተራበ ሰው ስለ ራበው አይፈርድም» የሚል። እውነት አለበት። በደልን ዝም ብሎ መሸከም ሶብር አይደለም፤ በዳይም በሥራው ሊጠየቅ ይገባል። ነገር ግን ጥፋተኛን በጥፋቱ መጠየቅና ልጁን በአባቱ ኃጢአት መግደል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው በደሉን ያቆማል፣ ሁለተኛው ባለቤቱን ይቀይርለታል። ሱረቱል ማኢዳ 8ኛው አንቀጽ ላይ አላህ ለሰዎች ያለን ጥላቻ ፍትሕን ወደ መተው እንዳይገፋን ያስጠነቅቀናል። ማስጠንቀቂያው የመጣው እንድንጠላ ምክንያት ለሆነን ሰው ጭምር መሆኑን አስተውሉ። የወደዱትን ሰው በፍትሕ መያዝማ ለማንም አይከብድም። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ መካ ሲገቡ ያሳደዷቸው ሰዎች በእጃቸው ላይ ነበሩ፤ አብዛኞቹን ግን ማሯቸው።

አሁን ወደ ሁለቱ ወጣቶች እንመለስ። ጌልም ፒታም ተበድለዋል፤ ጌል ፈሪም ክፉም አይደለም። ካትኒስ በመጨረሻ ያስተዋለችው እሳት እሷም እንዳላት፣ የሚያስፈልጋትም ከጥፋት በኋላ ሕይወት እንደሚቀጥል የሚነግራት ሰው መሆኑን ነው። ዳቦ የወረወረላትን መረጠች።

እኛ ሀገር አንመራም። ኃይል ግን በትንሽ በትንሹ ወደ ሁላችንም እጅ ይገባል። አዲስ ገቢ ሳላችሁ ያንገላቷችሁ ነባር ተማሪዎች ነበሩ፤ ዘንድሮ ነባሮቹ እናንተ ናችሁ። አለቃችሁ ያዋርዳችሁ ነበር፤ ዛሬ በሥራችሁ አንድ ሰው ተመደበ። በማኅበራዊ ሚዲያ የተሰደበው ወገናችሁ ነበር፤ ዛሬ የሌላው ወገን ልጅ ተሳስቶ ሺህ ሰው እየተረባረበበት ነው፤ እናንተም ጣታችሁን ስልኩ ላይ አድርጋችኋል። ያኔ «እነሱም በኛ ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነው» የሚለው ቃል አፋችሁ ላይ ከመጣ፣ ፓራሹቱ የሚያርፈው ማን ላይ እንደሆነ አንድ ጊዜ አስቡ።

አላህ ስንበደል ትዕግሥትንና ድፍረትን፣ ስናሸንፍ ደግሞ ፍትሕን ይስጠን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ!