የአዋሽ ስም ዕዳ

እኛ የመልካ ወረር ወጣቶች አዋሽን የምናውቀው በውኃው ነው፤ ጥጣችን የሚያድገው በእርሱ ነው። በስሙ ግን ስንቱ ይጠራል! በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው ባንክ፣ ብሔራዊ ፓርኩ፣ ወይን ጠጁ፣ አዋሽ ሰባት፣ አዋሽ አርባ፣ አዋሽ መልካሳ። የእኛም «መልካ» የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነውና ከዚሁ አንወጣም።

ለመሆኑ ስም የወሰደ ለባለስሙ ዕዳ የለበትምን? አለበት እንላለን። በአያቱ ስም የሚጠራ ልጅ አያቱ ሲታመም ዝም አይልም። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። በመንገዱም የአዲስ አበባን ቆሻሻ በአቃቂ ወንዝ በኩል ይቀበላል። በጠርሙስ ያለው አዋሽ ቢደፈርስ ገዢ ያጣል፤ ወንዙን ግን ቆሽሾም ቢሆን ከታች ያለው አርብቶ አደር ከነግመሉ ይጠጣዋል።