የማኅበር ተራና የእንግዳ ግዴታ

በትንሽ ቁምስና የሚኖር ማኅበርተኛ ሁሉ አንድ ቀን የሚገጥመው ጥያቄ አለ። ይኸውም፣ ድግስ የማዘጋጀት አቅም የሌለው ወንድም ወይም እኅት የማኅበር ተራ ሲደርሰው ምን ማድረግ ይገባናል የሚለው ነው። ተራው ይለፈው? ይረዳ? ወይስ እንደ ሌላው ሰው ያዘጋጅ ተብሎ ይጠበቅ? ጉዳዩ ሲሰሙት የወጥና የጠላ ነገር ይመስላል። እኔም ለብዙ ጊዜ እንዲያ ይመስለኝ ነበር። የፍትሕና የፍቅር ጥያቄ መሆኑን የተረዳሁት በማኅበር ጸሐፊነቴ በገዛ እጄ ከጻፍኩት ስሕተት ነው።

ቁምስናችን በጣና ሐይቅ ዳርቻ፣ ከባሕር ዳር ከተማ ብዙም ሳትርቅ ትገኛለች። የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2015፣ በወቅቱ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነበሩት ፍራንቸስኮስ ውሳኔ ከአዲስ አበባ ተከፍሎ ሲቋቋም፣ ብፁዕ አቡነ ልሳነ ክርስቶስ ማቴዎስም የመጀመሪያው ጳጳስ ሆነው ሲሾሙ፣ የተሰጣቸው መንጋ በሰፊ ምድር ላይ የተበተነ ጥቂት ሕዝብ ነበር። በእኛም ዘንድ ከምእመናኑ ብዙዎቹ ለሥራ ወይም ለትምህርት ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። ዘመድ አጠገባቸው የለም። ሲታመሙ የሚጠይቃቸው፣ ሲያዝኑ ድንኳን የሚተክልላቸው ማኅበሩ ነው። በትልቅ ቤተ ክርስቲያን አንድ ሰው ቢቀር ላይታወቅ ይችላል፤ በእኛ ዘንድ ግን የቀረው ሰው መቀመጫ ከመቅደሱ በር ጀምሮ ይታያል።

የእኛ ማኅበር በወር በገባ በ12 የቅዱስ ሚካኤል ነው። ዕጣ የሚወጣው በመስከረም ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ አባል አንድ ወር ይደርሰዋል። ዕለቱ ሲደርስ አባሉ በቤቱ ዳቦ፣ ጠላና ወጥ አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ጸሎት ተደርሶ፣ ማዕዱ ተባርኮ፣ ተበልቶና ተጠጥቶ ሲያበቃ የሚቀጥለው ባለ ተራ ጽዋውን ተረክቦ በእልልታ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ይህ ሥርዓት ከኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ጋር አንድ ነው፤ የግእዝ ሥርዓት ልጆች እንደ መሆናችን በዓላቱንም አጽዋማቱንም የምንቈጥረው በአንድ ባሕረ ሐሳብ ነው።

አሁን እነዚህን አሥራ ሁለት ቀናት ልብ ብላችሁ ተመልከቱአቸው። ነሐሴ 12 በፍልሰታ ጾም ውስጥ ይውላል። መጋቢት 12 ደግሞ ዐቢይ ጾም ቢፈጥንም ቢዘገይም ከጾሙ አይወጣም። በእነዚህ ወራት ተራ የደረሰው ሰው ሽሮና ጎመን ቢያቀርብ ማንም ምንም አይለውም፤ ምንም እንኳ ነሐሴ በገጠሩ የጎታው እህል የሚያልቅበት፣ በከተማውም የቀን ሥራ በዝናብ የሚታጐልበት ወር ቢሆንም። ኅዳር 12 ግን የመልአኩ የዓመት በዓል ነው፤ ጾመ ነቢያት ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ስለሚውል ሁሉም ዶሮ ይጠብቃል። አዲሱ እህል ደግሞ ገና ከዐውድማ ወጥቶ አላለቀም፤ የጤፍ ዋጋም አልወረደም። ጥር 12 የጥምቀት ማግስት ቃና ዘገሊላ ስለሆነ የዚያን ቀን ባለ ተራ እንግዳው ከማኅበርተኛው ይበልጥበታል። ዕጣ አያዳላም እንላለን። እውነት ነው፣ ዕጣው አያዳላም፤ ወቅቱ ግን ያዳላል። አሥራ ሁለት አባላት ብቻ ባሉበት ማኅበር ተራው በየዓመቱ ተመልሶ ስለሚመጣ፣ ያዳላበትን ሰው ቶሎ ቶሎ ያገኘዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የኅዳሩ ዕጣ ለአንዲት መበለት ደረሰ። እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ዝናቡ ካቆመ በኋላ በሐይቁ ዳር ወባ እንደሚበረታ ታውቃላችሁ። በዚያ ዓመት ታናሹ ልጅዋ ታመመባትና ለበዓሉ ያጠራቀመችው ገንዘብ በመድኃኒትና ምጣድ ሳታሰማ በዋለችባቸው ቀናት አለቀ። ይህን ለማንም አልተናገረችም። የጥቅምቱ ማኅበር ሲቀመጥ ግን አልመጣችም፤ ጽዋውን የሚረከብ ጠፋ። የማኅበሩ ሙሴ ደንቡ ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ተራውን ያልተቀበለ አባል መቀጫ ይከፍላል የሚለውን አንቀጽ አነበብኩና፣ ርኅራኄ የፈጸምኩ መስሎኝ፣ «ችግረኛ ናት፤ መቀጫውንም እንተውላት፣ ተራውም ይለፋት» አልኩ። ሁሉም ደስ ብሎት ተስማማ። በቃለ ጉባኤውም «በአቅም ማነስ ምክንያት ተራዋ ታልፏል» ብዬ ጻፍኩ። ወደ ቤቷ ሄዶ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ወደ ማኅበር አልመጣችም። ቅዳሴም ከበሩ አጠገብ ቆማ ታስቀድስና ሳይሰናበት ትወጣ ጀመር። ከልደት በኋላ ከማኅበራችን እናቶች በዕድሜ የሚበልጡት ሄደው አነጋገሯትና ወደ እኔ መጡ። «ልጄ፣ የተቀየመችው በመቀጫው እንዳይመስልህ፤ እርሱንማ ትታችሁላታል» አሉኝ። «‹ድኻ መሆኔን ዐውቃለሁ፤ ድኻ ተብዬ መጻፌን ግን ከሰው ሰማሁ› ብላኛለች።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ምን እንደ በደልኳት ለማወቅ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። መልካም አስቤ ነበርና። የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ለኒቆማኮስ በተሰየመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ስለ ፍትሕ ሲናገር ሁለት ዓይነት እኩልነት ይለያል፤ ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስም ይህንኑ ተቀብሎ አብራርቶታል። አንደኛው ለሁሉ አንድ ልክ የሚሰጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው እንደየሰዉ ሁኔታ የሚመጥን ነው። እነርሱ የተናገሩት ስለ ሌላ ጉዳይ ቢሆንም ልዩነቱ ለእኛም ይጠቅማል። በማኅበር ተራ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተጣብቀው ይኖራሉ፤ አንዱ ሸክም ነው፣ ሌላው ክብር። ዳቦው፣ ጠላውና ወጡ ሸክም ነው፤ እርሱ እንደየአቅሙ ሊመጠን ይገባዋል። ወንድሞችን በቤት መቀበል፣ ጽዋውን አቅፎ መሄድ፣ «ግቡ፣ ተቀመጡ» ማለት ግን ክብር ነው፤ እርሱ ከአንዱ አባል ወደ ሌላው ሊቀነስ አይችልም። እኔ ሸክሙን ያቃለልኩላት መስሎኝ ክብሩን ወሰድኩባት። በአሥራ አንድ ቤት በልታለች፤ በእርሷ ቤት ግን ማንም አልበላም።

በዚህ ሐይቅ ዳር ደግሞ በአንድ ሰው ቤት አለመብላት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ደንገል አስረው ታንኳ የሚሠሩትን ነገደ ወይጦዎች አባቶቻችን «ጉማሬ ይበላሉ» እያሉ ለብዙ ዘመን ከማዕድ ለይተዋቸው ኖረዋል፤ በታንኳቸው ግን ይሻገሩ ነበር። በሰው ድካም መጠቀምና በቤቱ አለመብላት አብረው እንደሚሄዱ ከዚያ መማር ነበረብን። እኛም የመበለቲቱን እንጀራ በየሳምንቱ እንገዛ ነበር።

ታዲያ ድኻውን ያለ አቅሙ ማስደገስ ይገባል ወይ የሚል ሰው ይኖራል። አይገባም። ነገር ግን ነቢዩ ኤልያስ በድርቅ ዘመን ወደ ሰራፕታ በሄደ ጊዜ ያደረገውን እናስብ። ያገኛት መበለት የቀረቻትን ጥቂት ዱቄት ለራሷና ለልጇ ጋግራ ከዚያ በኋላ ሞትን የምትጠብቅ ነበረች። እርሱም ይህን ከአፏ ሰምቶ ሳለ ተራውን አላለፋትም፤ በቤቷ እንግዳ ሊሆን ጠየቃት። የጠየቃት ግን ትንሽ እንጎቻ ነው። እኔ እስካሁን ይህን ታሪክ ሳነብ ዓይኔ የሚያርፈው ባላለቀው ዱቄት ላይ ነበር፤ አሁን ግን በትንሿ እንጎቻ ላይ አርፏል። የሸክሙን ልክ የሚወስነው እንግዳው ነው። ዶሮ የሚጠብቅ እንግዳ ድኻውን ከማኅበር ያስወጣዋል፤ እንጎቻ የሚበቃው እንግዳ ደግሞ ያስገባዋል። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች በጻፈላቸው የመጀመሪያ መልእክት አሥራ አንደኛ ምዕራፍ የገሠጻቸው፣ ለጌታ ራት ተሰብስበው አንዱ እየጠገበ ሌላው ተርቦና አፍሮ ስለ ተመለሰ ነው። የገሠጸው ደግሞ የተራቡትን አልነበረም።

አንዳንዶች በስውር ገንዘብ አዋጥተን ብንሰጣትስ ይላሉ። ይህ መልካም ነው፤ ጥበብ ግን ይጠይቃል። በትንሽ ቁምስና ስውር ነገር የለም፤ ጠዋት የተሰጠ ብር ማታ ይወራል። በጥር 12 የምናከብረው የቃና ሰርግ ለዚህ የተሻለ ምሳሌ ይሰጠናል። የወይን ጠጁ ባለቀ ጊዜ እመቤታችን ጉድለቱን ለልጅዋ ብቻ ነገረች። አዲሱ ወይን ሲቀርብ የድግሱ ኃላፊ ከየት እንደ መጣ ስላላወቀ ያመሰገነው ሙሽራውን ነው። ምስጋናው ለባለ ቤቱ እንዲቀር ሆኖ የተሰጠ ርዳታ እንዲህ ያለው ነው። ምስጋናው ወደ ሰጪው የሚዞር ከሆነ ግን ድግሱ የባለ ቤቱ መሆኑ ቀርቶ የሰጪው ይሆናል።

ሌሎች ደግሞ ቆሞሱ ድግሱን በትእዛዝ ይከልክሉልን፣ ለሁሉም ቆሎና ቡና ይበቃል ይባል ይላሉ። ሐሳቡ በራሱ አይጠላም። ዳሩ ግን የጣና ዳርቻ በትእዛዝ የተለወጠ በዓል መጨረሻው ምን እንደሚሆን አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1625 ወደ አገራችን የገባው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ በንጉሡ ሥልጣን ተደግፎ የሕዝቡን የበዓላትና የአጽዋማት አቈጣጠር ሊለውጥ ተነሣ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ ራሳቸው የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። በሐይቁ ሰሜን በጎርጎራ የቆመው የኢየሱሳውያን ሕንፃ ፍርስራሽ ለዚያ ዘመን ምስክር ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የመጣው ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ የሚለው፣ የግእዝን ሥርዓት በመቀበል ሌላ መንገድ መረጠ፤ ብዙ ደቀ መዛሙርትም አፈራ፤ ከእነርሱም አንዱ የጎጃሙ ተወላጅ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ነው። በእርግጥ የአንድ ማኅበር ድግስና የአንድ አገር ሃይማኖት አይወዳደሩም። ሆኖም ሰው የገዛ በዓሉን ራሱ ወዶ ሲያቀልለውና ከላይ ታዝዞ ሲያቀልለው አንድ አይደለም።

በሚቀጥለው መስከረም ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ያን ቃለ ጉባኤ በማኅበርተኛው ፊት አንብቤ ይቅርታ ጠየቅሁ። መበለቲቱም በእናታችን ልመና መጥታ ነበር። የኅዳሩን ተራ ራሷ ጠየቀች፤ ያለ ዕጣም ተሰጣት። በጥቅምት ጽዋውን ተረክባ ስትሄድ ታላቁ ልጅዋ ከፊት ከፊት መብራት ይዞላት ነበር። በኅዳር 12 የምስር ወጥ፣ ንፍሮና ጥቂት ጠላ አቀረበች። እንጀራዋ ከሁላችንም እንጀራ ይበልጥ እንደ ነበር ሳልጽፍ ባልፍ ሐሰት ይሆንብኛል። ጠላው ቶሎ አለቀ፤ ሙሴውም ጽዋውን ባርከው አነሡት እንጂ ተጨማሪ አልጠየቁም።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ግጭቱ ከበረታ ወዲህ ብዙ ቤቶች የመበለቲቱን ቤት መስለዋል። መንገድ በሚዘጋባቸው ቀናት ገበያውም ይዘጋል፤ አምና ዶሮ ያቀረበ ዘንድሮ ሽሮ ማቅረብ ከብዶታል። ሙሴያችን ግን የመቀጫው አንቀጽ ከደንቡ እንዲወጣ እስካሁን አልፈቀዱም። «ግዴታ ከሌለ በሦስት ዓመት ውስጥ የሚያዘጋጅ አይገኝም፤ ሁሉም እንግዳ ብቻ ይሆናል» ይላሉ፤ ያለፉትን የፈረሱ ማኅበራት ስለሚያውቁም በቀላሉ የምመልስላቸው ቃል የለኝም። ዘንድሮ በመስከረም እስኪመሽ ተከራከርንበት። አልተስማማንም፤ ለሚመጣው መስከረም አሳድረነዋል።