ሦስተኛው ብሎን

ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ሰው የሚያመላልስ አንድ ሹፌር ነበር። የመኪናው ማሞቂያ መንፈስ ካቆመ ሁለት ክረምት አልፎታል። ከተማዋ በ1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሞቅ ያለች ናትና «እዚህ አገር ማሞቂያ ምን ያደርጋል?» እያለ ተወው። በዚያ ላይ አየሩን የሚነፋው የማሞቂያው ሞተር ያለው ከተሳፋሪው ፊት ካለው የዕቃ ማስቀመጫ ጀርባ፣ ዳሽቦርዱ ሥር ተወሽቆ ነው። የጠየቃቸው ሁሉ «ዳሽቦርዱ በሙሉ ይፈታል» እያሉ አስፈሩት።

በነሐሴ አንድ ቀን አራት ሰው ጭኖ ከቡሬ ወደ ኮሶበር ወጣ። ቲሊሊን ሲያልፍ ብርዱ ጠና፣ ዝናቡ ወረደ፣ መስኮቱ ተዘጋ፤ የፊት መስታወቱም ጉም ለበሰ። በጨርቅ ያብሳል፤ ይመለሳል። ደግሞ ያብሳል፤ ደግሞ ይመለሳል። አንድ መታጠፊያ ላይ በቅሎ የሚነዳ ገበሬ ያየው ክንድ ሲቀረው ነው። ፍሬኑ ያዘለት፤ ሰውየውም በቅሎውም ተረፉ። የሹፌሩ እጅ ግን ኮሶበር እስኪደርስ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በማግስቱ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ሄደ።

«ጋሼ፣ የውጭው ጉም ሊገድለኝ ነው» አላቸው።

«የውጭ አይደለም ልጄ። ዝናቡ መስታወቱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ ጉሙ የእናንተው ትንፋሽ ነው። ሙቅ አየር ካልነፈሰበት በጨርቅ አይለቅም።»

አዛውንቱ የዕቃ ማስቀመጫውን ፈትተው አወጡ። ከባትሪው ሽቦ ስበው ለሞተሩ በቀጥታ 12 ቮልት ሰጡት፤ አልዞረም። ሞተሩን የያዙት ሦስት ብሎኖች ናቸው። ሁለቱ ይታያሉ። ሦስተኛው ከብረት ጀርባ ተሸሽጓል፤ ዓይን አያየውም፣ ረጅም ካቻቢቴ አይደርስበትም። ረዳታቸው «ፕላስቲኩን በመጋዝ እንቁረጠው» አለ። እሳቸው ግን በጀርባቸው ተኝተው፣ በአንድ እጅ የመላጫ መስታወት፣ በሌላው አጭር ካቻቢቴ ይዘው አንድ ሰዓት ታገሉት። ብሎኑ ወጣ።

የወጣው ሞተር በበሰበሰ የባሕር ዛፍ ቅጠል ታንቋል፤ ካርቦኑም ተበልቶ አልቋል። ሹፌሩ መኪናውን ሁልጊዜ የሚያቆመው ባሕር ዛፍ ሥር ነው። ቅጠሉ ከፊት መስታወቱ ግርጌ ባለው የአየር መግቢያ እየገባ ተከማችቷል።

ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ያስመጣው ሞተር በሦስተኛው ቀን ሲደርስ ሹፌሩ «ቶሎ ይግጠሙልኝ» አለ። አዛውንቱ እምቢ አሉ። «ቅጠሉ ሳይጠረግ ብገጥመው ይኸም ይቃጠላል። እዚህ ቦታ እጅ የሚገባው ስንት ጊዜ ነው? ከገባ ጨርሶ ይውጣ።» መተላለፊያውን ጠረጉ፣ ሞተሩን ገጠሙ፣ ሦስተኛውን ብሎንም መልሰው አሰሩ። ሲከፍቱት መስታወቱ ከግርጌው ጀምሮ እየጠራ ሄደ።

ምሳሌው ይህ ነው። በአባት መሬት ድንበር የተጣሉ ወንድማማቾችን አስቧቸው። እርስ በርስ እንዳይተያዩ የጋረዳቸው ጉም ከደጅ የመጣ ይመስላቸዋል፤ ጎረቤት አጣላን፣ ዘመን ከፋ ይላሉ። ጉሙ ግን በተዘጋ ቤት ውስጥ የተጠራቀመ የራሳቸው ትንፋሽ ነው። በእንቁጣጣሽ ተሳስመው ይለያያሉ፤ ያ በጨርቅ ማበስ ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ ካሳ ሲቆረጥ ደግሞ ሁለቱ ብሎኖች ተፈቱ ማለት ነው። ሦስተኛው «በድያለሁ» የምትለዋ ቃል ናት። እሷን ለማውጣት መጋዝ አይረዳም፤ ጎንበስ ብሎ መታገሥን ትጠይቃለች። የቆየው ቂም ሳይጠረግ የታረቀ ሰው ደግሞ አዲሱን ሞተር ቅጠል ላይ እንደ ገጠመ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ የተጣሉት ሰው ካለ መስታወቱን ማበስ ይብቃዎት። ሌላ ክረምት ሳይገባ እጅዎን ወደዚያ ወደማይታየው ቦታ ይስደዱ፤ በመታጠፊያው ላይ የሚመጣው ሰው ወንድምዎ ሊሆን ይችላል።